ክፍል ሳይሆን 19 ሰዓት፦ የጃፓን ገጠር ፍልውሃ ማረፊያ ስትመርጡ

ጃፓን ገጠር ውስጥ ፍልውሃ ያለው ትንሽ ማረፊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስይዝ የመረጥኩት በፎቶ ነው። ክፍሉ ያምራል፣ በመስኮቱ ዝግባ ይታያል፣ ዋጋውም አይከፋም። ከፈልኩ። ከቶኪዮ ተነስቼ ባቡር ቀያይሬ ጣቢያው ስደርስ የመጨረሻው አውቶቡስ ከሄደ ሃያ ደቂቃ አልፎት ነበር። ታክሲ የለም። ስደውል የቤቱ ባለቤት በራሳቸው መኪና መጥተው ወሰዱኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። እራት ግን አልፏል። ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፣ በአካባቢው ምግብ ቤት የሚባል ነገር የለም። ያን ሌሊት የበላሁት ቦርሳዬ ውስጥ የተረሳ ብስኩት ነው። የእራቱ ሂሳብ ደግሞ ቀድሞ ተከፍሏል።

ያኔ ነው የገባኝ። እንዲህ ያለ ቤት ስትይዙ የምትገዙት 19 ሰዓት ነው። አብዛኞቹ እንግዳ የሚቀበሉት ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ የሚሸኙት በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ። በመሃል ትታጠባላችሁ፣ 12 ሰዓት ገደማ እራት ትበላላችሁ፣ ደግሞ ትታጠባላችሁ፣ ትተኛላችሁ፣ ጎህ ሲቀድ ተነስታችሁ እንደገና ትታጠባላችሁ፣ ቁርስ ቀምሳችሁ ትሰናበታላችሁ። (በእኛ ሰዓት ነው የምጽፈው። እነሱ 15፡00፣ 18፡00 እያሉ ስለሚጽፉላችሁ ስድስት መቀነስ አትርሱ።) ወጣ ብሎ የሚዞርበት ቦታ ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁለት ቤት ስታወዳድሩ ውሃውን፣ ገንዳውን፣ እራቱንና መንገዱን አስቀድሙ። ክፍሉ የመጨረሻ ነው። ያውም ፍራሹ መሬት ላይ ነው የሚነጠፈው።

ሪዮካን፣ ሚንሹኩ ወይስ ቶጂ?

ሪዮካን ባህላዊው የእንግዳ ቤት ነው። ወለሉ ታታሚ የሚባል የሣር ምንጣፍ ነው፤ ጫማ በር ላይ ይቀራል። ዩካታ የተባለ ስስ የጥጥ ልብስ ይሰጣችኋል፣ ማታ ሠራተኞች መጥተው ፍራሽ ያነጥፋሉ። እራቱ በትናንሽ ሳህን ተራ በተራ የሚመጣ፣ ለዓይንም የተሠራ ምግብ ነው። ሚንሹኩ ደግሞ ቤተሰብ በራሱ ቤት እንግዳ ሲያሳድር ነው። ሽንት ቤቱ የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ፍራሹን ራሳችሁ ታነጥፋላችሁ፣ እራቱ እማማ የሠሩት ነው፦ የተራራ ቅጠላ ቅጠል፣ በጨው የተጠበሰ የወንዝ ዓሣ፣ ሩዝ፣ ሾርባ።

ሦስተኛውን ዓይነት ቱሪስት ብዙም አያውቀውም፤ ለእኛ ሰው ግን ማስረዳት ቀላል ነው። ጸበል ለመጠመቅ ስንቅ ቋጥሮ ሳምንትና ሁለት ሳምንት የሚሰነብት ሰው አይታችኋል? ቶጂ የሚባለው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ገበሬው እህሉን ሰብስቦ ሲያበቃ፣ ወገቡን ጉልበቱን ሊያሳርፍ ፍልውሃ ዘንድ ይሰነብታል፤ ምግቡን ራሱ ያበስላል። ያማጋታ ግዛት ውስጥ ሂጂኦሪ የሚባለው መንደር እንዲህ ያሉ ቤቶች አሉት፤ ከፀደይ እስከ መኸር ጠዋት ጠዋት ሴቶች አትክልታቸውን መንገድ ዳር ዘርግተው ይሸጣሉ። አኦሞሪ ግዛት ያለው ሱካዩ የተባለ ማረፊያም ከመደበኛው ክፍል ሌላ የቶጂ ክፍል አለው።

ዋጋው የሚነገረው በሰው ነው። ለክፍል አይደለም! ጥንዶች መጀመሪያ የሚደናገጡት እዚህ ላይ ነው። በግርድፉ ሚንሹኩ ለአንድ ሰው ከእራትና ቁርስ ጋር ከ8,000 እስከ 12,000 የን፣ መካከለኛ ሪዮካን ከ15,000 እስከ 25,000፣ የተንደላቀቀው ከ40,000 በላይ ያስከፍላል። በዚያ ላይ የፍልውሃ ግብር አለ፤ ብዙ ቦታ 150 የን ነው። እኔን ብትጠይቁኝ አንድ ሌሊት ውድ ሪዮካን ከማደር ሁለት ሌሊት ሚንሹኩ ይሻላል። መጀመሪያው ቀን ግራ በመጋባት ነው የሚያልቀው። ጫማ የት ይወልቃል፣ ይሄ ጫማ ለሽንት ቤት ነው ለኮሪደር፣ ዩካታው በየት በኩል ይደረባል (ግራው ከላይ ይሁን፤ ቀኙ ከላይ የሚሆነው ለሬሳ ነው)። የሚጥማችሁ ሁለተኛው ቀን ነው።

ውሃው

"ኦንሰን" (ፍልውሃ) የሚል ታፔላ ስላያችሁ ብቻ ውሃው ከምድር እየፈላ የወጣ ነው ማለት አይደለም። በ1948 የወጣው ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ከምንጩ ሲወጣ 25 ዲግሪ ከሞላ፣ ወይም ከተዘረዘሩት 19 ነገሮች አንዱን በበቂ መጠን ከያዘ ኦንሰን ይለዋል። 25 ዲግሪ ለብ ያለ እንኳ አይደለም። ስለዚህ አንዳንዱ ቤት ያሞቀዋል፣ አንዳንዱ የቧንቧ ውሃ ይጨምርበታል፣ አንዳንዱ ያንኑ ውሃ እያጣራና ክሎሪን እያደረገ ደጋግሞ ያዞረዋል። ከ2005 ጀምሮ ይህን ለጥፎ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ልብስ ማውለቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ታገኙታላችሁ።

የምትፈልጉት ቃል "ገንሰን ካኬናጋሺ" ነው። ከምንጩ መጥቶ ገንዳውን ሞልቶ የሚፈስ፣ ተመልሶ የማይገባ ውሃ ማለት ነው። የትናንሽ ቤቶች ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ነው፦ ገንዳቸው ትንሽ ስለሆነ በትንሽ ምንጭ ይሞላል። መቶ ክፍል ያለው ሆቴል ይህን ላድርግ ቢል ይቸገራል። ጉንማ ግዛት ያለው ሆሺ ኦንሰን ዋና ቤቱ የተሠራው በ1875 ነው፤ እዚያ ውሃው የሚፈልቀው ከገንዳው ሥር፣ ከጠጠሮቹ መሃል ነው። ጀርባችሁ ስር ቡልቅ ሲል ይሰማችኋል።

ዓይነቱም ይለያያል። ድኝ ያለበት ብዙ ጊዜ ነጭ ሆኖ ወተት ይመስላል፤ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ግን ይለመዳል። ብረት ያለበት አየር ሲያገኘው ይቀላል። ጨዋማው ከወጣችሁም በኋላ ሰውነት ያሞቃል። አሲድ የበዛበትም አለ፤ አኪታ ግዛት ያለው ታማጋዋ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበዛል) 1.2 ገደማ ነው፣ ቁስል ካላችሁ ወይ በዚያው ቀን ከተላጫችሁ ያስለቅሳል። አንድ ምክር ለእኛ ሰው፦ የብር መስቀል ካደረጋችሁ ድኝ ውሃ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አውልቁት። የእኔ በአንድ ማታ ከሰል መስሎ ነው የወጣው። ንጹሕ ወርቅ ምንም አይሆንም።

ልብና ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ። ሳኬ (ከሩዝ የሚሠራ የአልኮል መጠጥ) ጠጥቶ መግባትም ሞኝነት ነው። ውሃው ከ40 እስከ 42 ዲግሪ ስለሆነ ለመጀመሪያ ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል።

እርቃን መሆኑ

ብዙ ሰው ሊጠይቅ ፈልጎ የሚያፍረው ይህን ነው። አዎ፣ ራቁት ነው። የዋና ልብስ አይፈቀድም። አዲስ አበባ ፍልውሃ የለመድነው ክፍል ይዞ በር ዘግቶ መታጠብን ነው፤ ሶደሬ ደግሞ በዋና ልብስ ነው። እዚያ ግን ወንዱ ከወንድ፣ ሴቷ ከሴት ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ይገባሉ። መጀመሪያ ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሳሙና በደንብ መታጠብ ነው፣ ከዚያ ወደ ገንዳው። ትንሿ ፎጣ ውሃው ውስጥ አትገባም፤ ጭንቅላት ላይ ትቀመጣለች። መጋረጃው ሰማያዊ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የወንድ፣ ቀይ ከሆነ የሴት ነው። ልብ በሉ፣ ብዙ ቤት ሌሊት ላይ ሁለቱን ያቀያይራል። ማታ የገባችሁበት በር ጠዋት የእናንተ ላይሆን ይችላል።

ካፈራችሁ ሦስት መውጫ አለ። አንደኛው በሰዓት የሚያዝ የግል ገንዳ ነው፤ "ካሺኪሪ" ይሉታል። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በር ዘግታችሁ ትገባላችሁ፤ አንዳንድ ቤት ነጻ ነው፣ አንዳንዱ ለግማሽ ሰዓት ወይ ለአንድ ሰዓት ያስከፍላል። ሁለተኛው የራሱ ገንዳ ያለው ክፍል መያዝ ነው፤ ውድ ነው። ሦስተኛው ሰው በሌለበት ሰዓት መግባት። ሁሉም እራት ላይ ሲሆን፣ ወይም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ገንዳው ባዶ ነው።

ወንድና ሴት አብረው የሚገቡባቸው የድሮ ገንዳዎችም ቀርተዋል። የሱካዩ ትልቁ የእንጨት አዳራሽ አንዱ ነው። ጠዋትና ማታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ለሴቶች ብቻ ይለቀቃል።

ንቅሳት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጃፓን ውስጥ ታቱ ከወሮበላ ጋር ስለሚያያዝ ብዙ መታጠቢያ ቤት ይከለክላል። እናታችሁን ወይ አያታችሁን ይዛችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ አስቡበት። አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት፣ ግንባራቸው ላይ ያለው መስቀል እዚያ "ታቱ" ነው። ትርጉሙን ማንም አያውቅላቸውም። ቀድማችሁ ፎቶ አያይዛችሁ ጻፉና ጠይቁ፤ ወይም የግል ገንዳ ያለው ቤት ብቻ ፈልጉ። በር ላይ ደርሶ መመለስ እሳቸውን ያሳዝናል።

እራቱ፣ ጾሙ፣ ሸርጣኑ

የሪዮካን እራት ምርጫ የለውም። የቀረበውን ትበላላችሁ። ጥሬ ዓሣ አለ፣ ሽሪምፕ አለ፣ ክረምት (የእነሱ የበረዶ ወቅት) ከሆነ ሸርጣን አለ፣ አንዳንድ ቦታ የፈረስ ሥጋ አለ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ፣ ወይም ከእስራኤል የምትሄዱ ቤተ እስራኤል ከሆናችሁ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባህር ፍጥረት አትነኩም። ሙስሊም ከሆናችሁ ከአሳማው ሌላ ወጡ ውስጥ የሚገባው ሳኬና ሚሪን (ጣፋጭ የማብሰያ የሩዝ ወይን) አለ። በጾም ደግሞ ይብሳል። "አትክልት ብቻ" ብትሉ እንኳ ሾርባው በደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው፤ ለእነሱ ይህ ዓሣ መብላት አይደለም።

ትንሽ ቤት ውስጥ አብሳዩ አንድ ሰው ነው። ገበያ የሚሄደውም እሱ። ቀድማችሁ ከነገራችሁት ብዙዎቹ ይተባበራሉ፤ ማታ ስትደርሱ ብትነግሩት ግን የሚያደርገው ነገር የለውም። ጾመኛ ከሆናችሁ የእኔ ምርጫ ወጥ ቤት ያለው የቶጂ ክፍል ነው። ቶኪዮ ሺን-ኦኩቦ ሰፈር የሕንድና የኔፓል ሱቆች አሉ፤ ምስር፣ ሽንብራ፣ ቃሪያ፣ ከሙን ይገኛል። ምስር ወጥ ሠርቶ፣ በሩዝ በልቶ፣ ፍልውሃ መግባት! ጎረቤታችሁ ያለው የጃፓን ሽማግሌም ሽታው ስቦት መጠየቁ አይቀርም።

"ያለ ምግብ" ብሎ ማደርም ይቻላል፣ ይረክሳልም። ግን ተራራ ላይ ያለ ብቸኛ ቤት ከሆነ አታድርጉት። ብስኩቴን አስታውሱ።

አራት መንደር ጎን ለጎን

ኒውቶ፣ አኪታ ግዛት። ጫካ ውስጥ ተራርቀው የተቀመጡ ሰባት ማረፊያዎች ናቸው፤ የየራሳቸው ምንጭ አላቸው። ትልቁ ስም ሱሩኖዩ ነው፦ የሣር ክዳን ቤት፣ ወተት የመሰለ የደጅ ገንዳ። ያን ፎቶ አይታችሁት ይሆናል። የደጁ ገንዳ የጋራ ነው፣ ውሃው ግን ስለማያሳይ አንገት ድረስ ከገቡ በኋላ ሐሳብ የለም፤ ለሴቶች ብቻ የሆነም አለው። ክፍሉ ከወራት በፊት ነው የሚያልቀው። ካላገኛችሁ አትዘኑ። ከሰባቱ በአንዱ ያደረ ሰው ሁሉንም የሚያስገባ ቲኬት መግዛት ይችላል፣ ስለዚህ ሌላው ጋ አድራችሁ ሱሩኖዩን በቀን ትገቡበታላችሁ። ኩሮዩ የሚባለው ክረምት ይዘጋል። ከቶኪዮ እስከ ታዛዋኮ ጣቢያ በሺንካንሰን (በፈጣኑ ባቡር) ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት የማይሞላ አውቶቡስ።

ኩሮካዋ፣ ኩማሞቶ ግዛት። ወንዝ ዳር የተሰባሰቡ ሠላሳ የሚጠጉ ቤቶች። ታሪኩን እወደዋለሁ። መንደሩ እንግዳ አጥቶ ሲቸገር አንዱ ባለቤት በመሮ ዋሻ ፈልፍሎ መታጠቢያ አደረገው፤ ሌሎቹም ከእሱ ተምረው የደጅ ገንዳ ሠሩ። ቦታ የጠበባቸው ሁለት ቤቶች ግን መሥራት አልቻሉም። እነሱ ብቻቸውን ከሚቀሩ ተብሎ በ1986 አንድ ዘዴ ተገኘ፦ እንግዳ ከእንጨት የተቆረጠ ክብ መግቢያ ገዝቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ የትም ይደር የት ሦስት ቤት ገብቶ ይታጠባል። ስለዚህ እዚያ የትኛውን ቤት ልያዝ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም። ርካሹን ያዙና በሰው ገንዳ ታጠቡ። መኪና ብትከራዩ ይሻላል፤ አውቶቡሱ በቀን ጥቂት ነው።

ኪኖሳኪ፣ ሂዮጎ ግዛት። ገጠር ከማለት ትንሽ ከተማ ማለት ይቀላል። ከኪዮቶ ባቡር ላይ ወጥታችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስትቆዩ ከተማው መሃል ትወርዳላችሁ። በርካታ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች አሉት፤ እዚያ ላደረ እንግዳ ነጻ ናቸው። ሰው በዩካታና በእንጨት ጫማ ቀጭ ቋ እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። ሁሉም ንቅሳት ይፈቅዳሉ፤ እናቱን ለሚወስድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን የሸርጣን ወቅት ነው፣ እራቱ ከላይ እስከ ታች ሸርጣን ሆኖ ዋጋውም ይሰቀላል። የማትበሉትን ነገር አትክፈሉበት። በጸደይ ሂዱ፣ ወይም እራት የሌለውን ዋጋ ያዙ፤ እዚህ ምግብ ቤት አለ።

ዩኖሚኔ፣ ዋካያማ ግዛት። የእኔ ሚዛን ወደዚህ ያደላል። ኩማኖ ለሚባለው የመንፈሳዊ ጉዞ መንገድ ተጓዦች ሰውነታቸውን የሚያነጹበት መንደር ነበር። ወንዙ ላይ ሱቦዩ የምትባል የእንጨት ጎጆ አለች፤ ውስጧ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የድንጋይ ጉድጓድ። ተራ ይዛችሁ ለ30 ደቂቃ በር ዘግታችሁ ትገባላችሁ። በ2004 ከጉዞው መንገድ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። አጠገቧ 90 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ የሚፈላበት ቦታ አለ፤ ከሱቅ እንቁላል ገዝቶ እዚያ መቀቀል ነው። ሚንሹኩዎቹ ትናንሽና ርካሽ ናቸው። መንገዱ ግን ረጅም ነው፤ ከኦሳካ ባቡርና አውቶቡስ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ጊንዛንስ? ያ በበረዶና በጋዝ መብራት የሚታወቀው? ያምራል። ሁሉም ሰው ያምራል ብሎ ስለሚሄድ ክፍል ማግኘት ሎተሪ ነው። አልፌዋለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ክረምት ቶሆኩ (ሰሜን ምሥራቅ ጃፓን) ከሄዳችሁ በረዶው ቀልድ አይደለም፤ ሱካዩ በየካቲት 2013 ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ ተለክቷል። ቅዳሜ ማታ ውድ ነው። በሚያዝያ መጨረሻ፣ በነሐሴ አጋማሽና በአዲስ ዓመታቸው ጃፓናዊው ራሱ ስለሚጓዝ ቦታ አይገኝም። ብቻውን የሚሄድ ሰው አንዳንድ ቤት፣ በተለይ ቅዳሜ፣ አይቀበልም። ትንንሾቹ ካርድ ላይቀበሉ ይችላሉ፤ ጥሬ ገንዘቡን ከተማ ላይ አውጡ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፣ ለቪዛው ደግሞ በየቀኑ የት እንደምታድሩ መጻፍ አለባችሁ። ስለዚህ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚፈቅደውን ቤት ምረጡ። ርካሹን፣ የማይመለሰውን ዋጋ ከቪዛው በኋላ እንጂ በፊት አትንኩት።

ሁለት ሦስት ቤት ከቀራችሁ አጭር ኢሜይል ላኩ። እኔ አራት ነገር እጠይቃለሁ። ከጣቢያው የምትወስዱኝ አላችሁ ወይ፣ የመጨረሻው አውቶቡስስ ስንት ሰዓት ነው? ለእራት ቢዘገይ እስከ ስንት ሰዓት መድረስ አለብኝ? የግል ገንዳ አለ ወይ? ይህን ይህን አልበላም፣ ትችላላችሁ? ለአራተኛው "ይቅርታ፣ አንችልም" ብሎ በቀጥታ የሚመልስ ቤት ቅር አያሰኘኝም፤ ያለ እራት ይዤው እሄዳለሁ። ለሁለተኛው ጥያቄ በሦስት ቀን መልስ ካልመጣ ግን ወደ ሌላው ቤት አልፋለሁ።